አረንጓዴው ውኃ ዉዱእ ይደረግበታል፤ ይጠጣል ወይ?



በጀመዓችን ውስጥ ለመመረቂያ ጥናታቸው ከጣና ዳር ውኃ እየቀዱ ላቦራቶሪ የሚያመላልሱ የባዮሎጂ ተማሪዎች አሉ። «ከውኃ ምን ይገኛል?» እያልን መቀለዳችን አልቀረም። የሚፈልጉት ፎስፈረስን፣ ናይትሮጅንንና አልጌን ነው።

ከጉና ተራራ የሚነሳው ጉማራ፣ አንበሳሜ ያለችበትን ደራን ከፎገራ እያዋሰነ ጣና ይገባል። ክረምት ላይ ከተዳፋቱ ማሳ የተጠረገው አፈር ፎስፈረስ ይዞ ይወርዳል፤ ናይትሮጅኑ በአብዛኛው ሟሙቶ ይከተላል። ለፎገራ ሩዝ ሲሳይ የሆነው ንጥረ ነገር ሐይቁ ውስጥ የአልጌ ሲሳይ ይሆናል። በ1973 እ.ኤ.አ. የካናዳ ተመራማሪዎች አንድ ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ከፍለው፣ በአንዱ ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን፣ በሌላው በእነዚህ ላይ ፎስፈረስ ጨመሩ። አረንጓዴ የሆነው ፎስፈረስ ያገኘው ወገን ነው።

ጣና ላይ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ በመሆኑ ነፋስ ከሥር ጭቃውን ያነሳዋል። ክረምት ላይ ደግሞ ወንዞቹ ያደፈርሱታል። ብርሃን ካልገባ ምግብ ቢትረፈረፍም አልጌ አያድግም፤ ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ሲረጋ ነው ዕድል የሚያገኘው። አንድ ቀን ብቻ በተቀዳ ናሙና ስለ ሐይቁ መናገር የማይቻለውም ለዚህ ነው።

በጣና ከሚገኙት መካከል ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ሳይኖባክቴሪያ አንዳንድ ዝርያዎቹ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ። ውኃውን ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ይህን መርዝ አያጠፋውም፤ እንዲያውም ሕዋሱ ሲፈነዳ መርዙ ወደ ውኃው ይወጣል። «አፍልተን ነው የጠጣነው» የሚለው መተማመኛ እዚህ ላይ አይሠራም።

የፊቅህ ዑለማዎች ውኃ ውስጥ በራሱ የበቀለ አልጌ (ጡሕሉብ) ቀለሙን ቢለውጠውም ውኃው ጠሁርነቱን አያጣም ይላሉ፤ ከእሱ መጠበቅ ያስቸግራልና። ስለዚህ ዉዱእ ይደረግበታል። ይህ ብይን ስለ ጦሃራ ነው፤ ስለ ጉበት አይደለም። ሁለቱ ሲምታቱ ግን እንሰማለን። (ነቢዩ ሰ.ዐ.ወ በረጋ ውኃ ውስጥ መሽናትን መከልከላቸውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሽንት ናይትሮጅንም ፎስፈረስም እንዳለው ስንቶቻችን አስበናል?)

ለዕረፍት ወደ ሐይቁ ዳር የምትመለሱ እህትና ወንድሞች፣ ውኃው ላይ ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል አረንጓዴ ሽፋን ካያችሁ ከዚያ አትቅዱ፤ ከብቶቹንም መልሱ። ለዉዱእም ቢሆን አፍና አፍንጫ ስለሚገባ ከጠራው በኩል ወይም ከጉድጓድ ቅዱ።