ለጐባጣ ገጽ የሚስማማ መቍረጫ

በማዕዳችሁ ላይ ያለው የፕላስቲክ ጆግ ልስላሴውን ያገኘው ከተቀረጸበት ብረት ነው። ያን ብረት የሚፈለፍለው ፍሬዛ የሚባለው መኪና ሲሆን፥ ለጐባጣና ለጐድጓዳ ገጽ የሚስማማው ጫፉ እንደ ኳስ የከበበ መቍረጫ ነው።

ልኩ የሚመረጠው እንዴት ነው? አስቀድሞ በሥራው ላይ እጅግ ጠባብ የሆነው ጐድጓዳ ይለካል። የዚህ ሬዲየስ፥ ማለት ከመካከል እስከ ዳር ያለው ርቀት፥ 6 ሚሊሜትር ቢሆን፥ የመቍረጫው ከዚያ ማነስ አለበት። ቢበልጥ ግን ወይ ሳይቈረጥ የሚቀር ብረት ይኖራል፥ ወይም የማይነካው ይቈረጣል፤ የተቈረጠ ብረት ደግሞ አይመለስም።

እንዲህ ከሆነ እጅግ ትንሹን መምረጥ ይሻላል አይባልም። መቍረጫው በ1 ሚሊሜትር ርቀት እየተመላለሰ ለጥ ያለ ስፍራ ቢቈርጥ፥ ሬዲየሱ 5 ሚሊሜትር የሆነው 0.025 ሚሊሜትር ያህል ሸንተረር ይተዋል፤ ሬዲየሱ 2 የሆነው ግን 0.06 ያህል። ይህን ለማጥፋት ወይ ምልልሱን ማብዛት፥ ወይም በእጅ መወልወል ግድ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ ይፈጃሉ። ቀጭን መቍረጫም በቀላሉ ይለመጣል፤ ከመያዣው የወጣው ርዝመት እጥፍ ሲሆን መለመጡ 8 እጥፍ ይሆናል።

ስለዚህ ወደ ጐድጓዳው ከሚገቡት ትልቁና አጭሩ ይመረጣል። የመሣሪያ ግዢ ለፊርማ ሲቀርብላችሁም «ዋጋው ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት፥ «የጠባቡ ጐድጓዳ ልክ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።