የሶዲየም አሥራ አንደኛው ኤሌክትሮን

ባቲ በሰኞ ገበያዋ የቆላውንና የደጋውን ሰው ስታገናኝ የኖረች ከተማ ናት። አፋሩ ግመሉንና ጨውን ይዞ ይወጣል፤ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው እህሉንና ሸቀጡን ይዞ ይጠብቀዋል። ከዚያ ገበያ የተሸመተ አንድ ቁንጥር ጨው፣ የዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ ስለ አቶም ከሚያስተምረው ብዙውን በዓይን ያሳያል። ይህን የምለው ለከሚሴ፣ ለሰንበቴና ለጨፋ ሮቢት ተማሪዎች አስቤ ነው። በአፋን ኦሮሞ ሲማር የቆየ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ እንግሊዝኛ ይሆንበታል፤ በዚያ ላይ የሚማረው ነገር የማይታይ ነው። የሚታይ ነገር ያስፈልገዋል።

ጨው ሶዲየምና ክሎሪን ተዋህደው የሚፈጥሩት ነው። ሶዲየም ለብቻው በቢላ የሚቆረጥ ለስላሳ ብረት ነው፤ ውሃ ሲነካው እየተንጫጫ ይቀልጣል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። ክሎሪን ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰው የተገደለበት መርዘኛ ጋዝ ነው። ሁለቱ ተገናኝተው ወጥ የሚያጣፍጥ ነገር የሚሆኑት በአንድ ኤሌክትሮን ምክንያት ነው።

የአቶም ክብደት ከሞላ ጎደል ሁሉም ያለው ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች በታጨቁበት እምብርቱ ውስጥ ነው። በዙሪያው ያሉት ኤሌክትሮኖች እጅግ ቀላል ናቸው፤ አንድ ፕሮቶን ከአንድ ኤሌክትሮን 1836 ጊዜ ያህል ይከብዳል። የኬሚስትሪው ጉዳይ ሁሉ የሚፈጸመው ግን በእነዚህ በቀላሎቹ ነው። ሶዲየም 11 ኤሌክትሮኖች አሉት፦ በመጀመሪያው እርከን 2፣ በሁለተኛው 8፣ በሦስተኛው 1። ክሎሪን 17 አሉት፦ 2፣ 8 እና 7።

ብዙ ጊዜ «አቶም የዳር እርከኑን በስምንት ኤሌክትሮን መሙላት ይፈልጋል» እየተባለ ይነገራል። አቶም የሚፈልገው ነገር የለም፤ ተማሪውም በዚህ አባባል ባይረካ እውነት አለው። የሶዲየም አሥራ አንደኛው ኤሌክትሮን ከእምብርቱ ርቋል፤ በመካከል ያሉት አሥሩ የእምብርቱን ስበት ይጋርዱበታል። ስለዚህ እሱን ለመንቀል የሚያስፈልገው ጉልበት ትንሽ ነው። ቀጣዩን ለመንቀል ግን ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ጉልበት ይጠይቃል። ሶዲየም አንድ ሰጥቶ የሚያቆመው ለዚህ ነው። ክሎሪን ያንን አንዱን ይቀበላል፤ ሰጪው ፖዘቲቭ፣ ተቀባዩ ኔጌቲቭ ይሆናሉ፤ ተሳስበውም ጠንካራውን የጨው ክሪስታል ይሠራሉ።

አሁን ወደ እሳቱ። በጋዝ ምድጃ ሰማያዊ ነበልባል ላይ ጥቂት ጨው ጣል ቢደረግ ነበልባሉ ወዲያው ደማቅ ቢጫ ይሆናል። ሙቀቱ ጨውን ሲበታትነው አንዳንዱ ሶዲየም ኤሌክትሮኑን መልሶ ያገኛል። ያ ኤሌክትሮን ከነበልባሉ ጉልበት ወስዶ ወደ ላይኛው እርከን ይዘላል፤ ተመልሶ ሲወርድ የወሰደውን በብርሃን መልክ ይለቀዋል። የብርሃኑ ሞገድ ርዝመት ሁልጊዜ 589 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ በባቲም በጀርመኗ ሃይደልበርግም።

ለምን ሁልጊዜ አንድ ቀለም? ከተማዋ ስሟን በምትጋራው በባቲ ቅኝት የተቃኘ ክራር ክሮቹ ሲነኩ የተቃኙበትን ድምፅ ብቻ ነው የሚሰጡት፤ በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን አይሰጡም። ኤሌክትሮንም የተፈቀዱለት እርከኖች ብቻ አሉት፤ በእርከኖቹ መካከል ማረፊያ የለውም። ሳይንቲስቶቹ ቡንዘንና ኪርኾፍ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጨረሻ በሃይደልበርግ እንዲህ ያለውን ቀለም እየተነተኑ ንጥረ ነገሮችን መለየት ቻሉ። ምክንያቱን ግን አላወቁም፤ ኤሌክትሮን ራሱ የተገኘው በ1897 ነውና። በ1913 ኒልስ ቦር እርከኖቹን ለሃይድሮጅን አሰላ።

መምህራን ሰሌዳ ላይ የሚስሏቸው ክቦች የዚያ የቦር ሥዕል ውርስ ናቸው። ለመቁጠር ይጠቅማሉ፤ ኤሌክትሮን ግን በክብ መንገድ አይሮጥም። ከ1926 ጀምሮ የሽሮዲንገር ስሌት ስለ ኤሌክትሮኑ ቦታ የሚነግረን የት ሊገኝ እንደሚችል ብቻ ነው። ይህ ገና ከመነሻው ለተማሪ ቢነገር መልካም ነው፤ ኋላ ከማፍረስ ያድናል።

ወደ ጨው እንመለስ፤ ዛሬ አገሪቱ የምትጠቀምበት ጨው አብዛኛው ከአፋር፣ ከአፍዴራ ሐይቅ የሚመረት ነው። እንቅርትን ለመከላከል አዮዲን እንዲጨመርበት እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ደንብ ያስገድዳል። አዮዲን 53 ኤሌክትሮኖች አሉት፤ ከዳር ያሉት እንደ ክሎሪን 7 ናቸው፣ ስለዚህ በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ከክሎሪን ጋር በአንድ ዓምድ ይሰለፋል። ይሁንና እነዚያ ከእምብርቱ በጣም የራቁ ስለሆኑ የአዮዲን አያያዝ ከክሎሪን ላላ ያለ ነው። አንድ ኤሌክትሮን ተቀብሎ አዮዳይድ ሆኖ ቢጨመር ኤሌክትሮኑን ለአየሩ ኦክስጅን እየሰጠ፣ በሙቀትና በእርጥበት ተኖ ይጠፋል። ፖታሲየም አዮዴት የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ በእርሱ ውስጥ አዮዲኑ አስቀድሞ ከኦክስጅን ጋር ስለተሳሰረ ከአፍዴራ እስከ ከሚሴ ሱቅ ያለውን ሙቀት በተሻለ ይቋቋማል።