ሐይቁ የሕዝብ፣ በሩ የግል

ደብረ ብርሃን ሐይቅ የላትም። ከብርድ ልብስ እስከ ቢራ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች የቆሙባት ይህች ከተማ ግን ገንዘቡን ከከተማው ውጭ ለማፍሰስ የሚያስብ ነጋዴ አታጣም። ወደ ደብረ ዘይት ወይም ወደ ባሕር ዳር አሻግሮ ለሚያይ ደግሞ «ሐይቅ ዳር ቦታ አለ» የሚል ደላላ አይጠፋም። ቦታው ያዋጣ ይሆናል። ቀድሞ እዚያ ይናፈስ የነበረው ሕዝብ ወዴት ይሂድ?

በሕጉ ሐይቅ ዳር አይሸጥም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ደንግጓል፤ ባለሀብቱ የሚያገኘው ሊዝ ነው። ይሁንና በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉ ከተሞች ለንግድ ቦታ የፈቀደው ጊዜ እስከ 70 ዓመት ይደርሳል። ከአጥሩ ውጭ ለቀረ ሰው 70 ዓመት ዕድሜ ልክ ነው። ስሙ ሊዝ ይባል እንጂ ለእርሱ ከግል ንብረት አይለይም።

ለዚህ ከደብረ ዘይት የተሻለ ምሳሌ የለም። በባቦጋያና በኩሪፍቱ ሐይቆች ዳር ሎጆችና ሪዞርቶች ተደርድረዋል። ሥራ ፈጥረዋል፣ የአዲስ አበባን የእሑድ ገበያም ስበዋል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን በእነርሱ በኩል ውኃውን ለማየት የሚመጣ ሰው ኪሱን መዳበስ አለበት። በዚያው ከተማ የሆራ አርሰዲ ዳርቻ ግን በየዓመቱ የኢሬቻ በዓል የሚከበርበት የሕዝብ መሰብሰቢያ ሆኖ ቆይቷል።

ሐዋሳ ሌላ መንገድ አሳይታለች። በ2002 ዓ.ም. ኃይሌ ሪዞርት በሐይቁ ዳር ሲከፈት፣ የፍቅር ሐይቅ መናፈሻና የአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ አብረውት ኖረዋል። ጀልባ ቀዛፊው፣ ዓሣ ጠባሹ፣ ቡና አፍይዋና ፎቶ አንሺው የሚያድሩት በዚህ ክፍት ዳርቻ ነው። አጥር ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈርሰው የእነርሱ ገበያ ነው።

ለባለሀብቱም ቢሆን ጉዳዩ የጽድቅ ብቻ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 መንግሥት የውኃ አካላትን ዳርቻ እንዲከልልና በክልሉ ውስጥ የመኖሪያ ቤት ግንባታን እንዲከለክል ሥልጣን ሰጥቷል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራዎች መዝገብ ገብቷል። ስለዚህ ውል ከመፈረም በፊት ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይበጃል፦ የዳርቻው ወሰን የት ነው? በከተማው ፕላን ቦታው መናፈሻ ነው ወይስ ንግድ? የእግረኛ መንገድስ ተትቷል? እነዚህን የማይመልስ ደላላ የሚሸጠው ክርክር ነው።

የሰሜን ሸዋ ሰው የጋራ ሀብትን መያዝ ያውቃል። የመንዝ ጓሳን ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በየወቅቱ እየዘጋና እየከፈተ፣ ሣሩን በሥርዓት እያጨደ አቆይቶታል። ደብረ ብርሃንም ሐይቅ ባይኖራት የበረሳ ወንዝ አላት። ከተማዋ ስትሰፋ የወንዙ ዳር ዋጋ ማውጣቱ አይቀርም። የሕዝቡ መተላለፊያ በፕላን ላይ መሰመር ያለበት ጨረታው ከመውጣቱ በፊት ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል።