በቤት የተሠራ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ አስፋልት ላይ የሚወጣው እንዴት ነው?

ዳንግላ በአማራ ክልል አዊ ዞን፣ ከባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ እንጅባራና አዲስ አበባ በሚወስደው ዋና አስፋልት ላይ ያለች ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ከተማ ባጃጅ ፈትቶ የሚገጥም እጅ አይጠፋም። ብየዳ የሚያውቅ ወጣት አሮጌ የሞተር ሳይክል ሞተር ወይም ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር ካገኘ የራሱን ባለ ሦስት እግር ሊሠራ ይችላል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ በባትሪ የሚሄድ ነገር የመሥራት ፍላጎቱ ጨምሯል። ይህ ሊበረታታ የሚገባው ሙያ ነው። ሆኖም ብዙ ሠሪዎች ገንዘባቸውንና ልፋታቸውን ከጨረሱ በኋላ ነው ታርጋ እንዴት እንደሚገኝ መጠየቅ የሚጀምሩት። ጥያቄው መቅደም ያለበት ግን ብረቱ ከመቆረጡ በፊት ነው።

ሕጉ የሚለው ግልጽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ሞተር ያለው ተሽከርካሪ ሳይመዘገብ፣ ታርጋ ሳይኖረውና የዓመቱን ምርመራ አልፎ ቦሎ ሳይለጥፍ መንገድ ላይ መንዳት አይቻልም። «የሠራሁት እኔው ነኝ» ማለት ከዚህ ነፃ አያወጣም።

የመጀመሪያው እንቅፋት የተሽከርካሪው ማንነት ነው። መዝጋቢው አካል የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ያያል፤ ዕቃው ከውጭ የገባ ከሆነ ቀረጥ የተከፈለበትን ማስረጃ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሊብሬ የሚሰጠው። በፋብሪካ የተሠራ ተሽከርካሪ በዓለም አቀፍ ደረጃ 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት መለያ ሻንሲው ላይ ተመትቶበት ይመጣል። በግቢ ውስጥ ከቱቦላሬ የተበየደ ሻንሲ ግን ምንም ቁጥር የለውም፤ ሠሪው ራሱ ቁጥር ቢመታበትም ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሞተሩ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራም ይምጣ ከባሕር ዳር፣ የሻጩ ስምና የሞተሩ ቁጥር ያለበት ደረሰኝ መያዝ ግድ ነው። በእኔ እምነት ለግለሰብ ሠሪ የሚቀለው መንገድ ሊብሬ ካለው አሮጌ ባጃጅ መነሳት ነው፤ ሻንሲውንና ቁጥሩን ሳይነኩ፣ ሞተሩን ወይም አካሉን ለመቀየር አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ። ብዙ አዘጋጅቶ ለመሸጥ ያሰበ ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እንደ አምራች ወይም እንደ ገጣጣሚ የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚያጋጥም ስህተት አለ። ወጣቱ በውድድር ይሸለማል፣ ከአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤትም የምስክር ወረቀት ያገኛል፤ ከዚያ መንገዱ የተከፈተለት ይመስለዋል። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 የሚሰጠው የፓተንት ወይም የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፍኬት የሚጠብቀው ሐሳቡ በሌላ ሰው እንዳይወሰድ ነው። ፍሬኑ ይይዛል፣ መሪው አይነቀልም የሚል ማረጋገጫ የለበትም።

ፍሬንና ሚዛን ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። ባለ ሦስት እግር ከባለ አራት እግር ይልቅ ለመገልበጥ ቅርብ ነው። ክብደቱ የሚያርፈው ሦስቱ ጎማዎች በሚሠሩት ሦስት ማዕዘን ውስጥ ነው፤ አንዱ ጎማ ከፊት ሲሆን ይህ ቦታ ወደ ፊት እየጠበበ ይሄዳል። ሾፌሩ እየታጠፈ ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊትና ወደ ውጭ፣ ማለትም ድጋፍ ወደሳሳበት ጎን ይገፋል። ባትሪውን ዝቅ አድርጎ ወደ ኋላ ጎማዎች አቅርቦ ማሰር፣ የኋላ ጎማዎችን ማራራቅ፣ ጣሪያ ላይ ጭነት አለመጫን የሚረዳው ለዚህ ነው።

የፍሬኑን ነገር በቁጥር እንየው። ደህና ፍሬን ያለው፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተሽከርካሪ ፍሬን ከተያዘ በኋላ 4 ሜትር ገደማ ተጉዞ ሊቆም ይችላል። ይኸው ተሽከርካሪ በ40 ቢሄድ ከ15 ሜትር በላይ ይፈልጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናልና። ጭነት ሲጨመርበትና የአዊ ክረምት አስፋልቱን ሲያርሰው ደግሞ ርቀቱ ይረዝማል። ለሞተር ሳይክል የተሠራ ፍሬን አራት ሰው ወይም አምስት ኩንታል እህል የጫነን ተሽከርካሪ እንዲያቆም መጠበቅ አደገኛ ነው። የፊቱና የኋላው ፍሬን ለየብቻ ቢሠሩ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይተርፋል፤ የእጅ ፍሬኑም ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ማቆም አለበት። የፊትና የኋላ መብራት፣ ፍሬቻ፣ ስቶፕ፣ ስፖኪዮና ክላክስ ሊረሱ አይገባም። የኤሌክትሪክ ከሆነ ፊውዝና በአንድ እጅ የሚዘጋ ዋና ማብሪያ ማጥፊያ ይኑረው።

መድን የሚመጣው ከምዝገባው ጋር ነው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መንዳትን ይከለክላል፤ ያልተመዘገበ ተሽከርካሪ ደግሞ መድን ሰጪ አያገኝም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ እሱ ባያጠፋም እንኳ፣ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። ታርጋ የሌለው ባለ ሦስት እግር አንድ ሕፃን ቢገጭ ካሳው የሚወጣው ከሠሪው ቤት ነው። ባለቤቱ ገንዘብ ከሌለው ደግሞ የተጎዳው ቤተሰብ ሙሉ ካሳውን ላያገኝ ይችላል፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ሌሎች አገሮች ከዚሁ ጥያቄ ጋር ተጋፍጠዋል። በሕንድ ገጠር ገበሬዎች ከውኃ መሳቢያ ሞተርና ከእንጨት የሚገጥሙት «ጁጋድ» የሚባል ተሽከርካሪ አለ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁጋድም የሞተር ተሽከርካሪ ስለሆነ ያለ ምዝገባና ያለ መድን መንገድ ላይ መውጣት እንደማይችል ወስኗል። ብሪታንያ ግን በር ከፍታለች፤ በቤት የተሠራ አንድ ባለ ሦስት እግር ለብቻው ቀርቦ ፍሬኑ፣ መብራቱና ድምፁ ተፈትሾ ካለፈ ይመዘገባል። ለእኛም የሚበጀው ይህ ነው ባይ ነኝ። በክልሉ የምርመራ ቴክኒሻኖችና የቴክኒክ ኮሌጆች አሉ፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። የክልሉ የትራንስፖርት ቢሮ ከእነሱ ጋር ሆኖ የነጠላ ተሽከርካሪ ፍተሻ ቢያዘጋጅ የወጣቶቹ ሥራ በየግቢው ዝጎ አይቀርም ነበር።

እስከዚያው ድረስ ለመሥራት ያሰባችሁ፣ ንድፉንና የሞተሩን ደረሰኝ ይዛችሁ መጀመሪያ የከተማችሁን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። «አይቻልም» ከተባላችሁ ምክንያቱን፣ «ይቻላል» ከተባላችሁም መሟላት ያለበትን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ሙከራውንም ሰውና ተሽከርካሪ በማያልፍበት በተከለለ ሜዳ አድርጉ።