«ባዮሴንሰር» እና ተዛማጅ ቃላቱ፤ ስለ ጥሬ አትክልት ምርመራ

ባዮሴንሰር በሰላጣ ቅጠል ላይ ያለን ጎጂ ባክቴሪያ ያገኛል ሲባል የሰማ ተርጓሚ፣ ቃሉን «ተህዋስ ዳሳሽ» ለማለት ይቸኩላል። ይህን አቻ አንቀበለውም። «ባዮ» የሚለው የሚያመለክተው የሚፈለገውን ነገር ሳይሆን የፈላጊውን ጠባይ ነውና። ሊላንድ ክላርክና ቻምፕ ላየንስ እ.ኤ.አ. በ1962 ያቀረቡት የዘርፉ ፈር ቀዳጅ ሐሳብ ግሉኮስን ለመለካት የታለመ ነበር፤ ግሉኮስ ደግሞ ተህዋስ አይደለም። ከሕያው አካል የተገኘው በመሣሪያው ላይ የተቀመጠው ኢንዛይም ነው። ስለዚህ «ሕይወት ወለድ ዳሳሽ» ማለትን እንመርጣለን። «ዳሳሽ» ራሱ የተዋጣ ቃል ነው፤ መሣሪያው የሚያውቀው የነካውን ብቻ ነው።

መሣሪያው ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው «ለዪ» ሊባል ይችላል፤ ለምሳሌ ኢ. ኮላይ ኦ157ን መርጦ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል። ሁለተኛው ይህን መያያዝ ወደ ኤሌክትሪክ ወይም ወደ ብርሃን ምልክት ይለውጠዋል። ይህን ክፍል «አስተላላፊ» ማለት ያሳስታል፤ አስተላላፊ የተቀበለውን እንዳለ ያደርሳልና። ብር እንደሚመነዘር ሁሉ እዚህም ምንዛሪ ስላለ «መንዛሪ» ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን «ማግኘት»ንና «መለየት»ን ሳያምታቱ መተርጐም ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በጀርመን በተነሣው የኢ. ኮላይ ኦ104 ወረርሽኝ ከ3,800 በላይ ሰዎች ታመው ከ50 በላይ ሞተዋል። በመጀመሪያ የተወነጀለው ከስፔን የመጣ ኪያር ነበር። በኪያሩ ላይ ኢ. ኮላይ በእርግጥ ተገኝቷል፤ ሲለይ ግን ሕመሙን ያመጣው ዓይነት ሆኖ አልተገኘም። እስከዚያው የስፔን ገበሬዎች ምርት ገዢ አጥቶ ተጣለ። ኋላ ምርመራው ያመራው ወደ አብሽ ጎንቁል ነው። («ብቅል» አላልንም፤ ብቅል ደርቆ ለጠላ ይሆናል፣ ጎንቁል ግን ይበላል።)

የውጤት ወረቀት ሲተረጐምም «አልተገኘም» የሚለውን «ከባክቴሪያ ነፃ ነው» ማለት አይገባም። የኦ157 ከ100 ያነሱ ህዋሳት ሰውን ሊያሳምሙ ይችላሉ፤ ይህን ያህል ጥቂቱን ደግሞ ዳሳሹ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ በምግብ ካልተራባ አያገኘውም። በአንጻሩ ዲ.ኤን.ኤ.ን የሚፈልግ ዳሳሽ በእጥበት የሞተውንም ባክቴሪያ «ተገኘ» ሊል ይችላል። ስለዚህ ተርጓሚው «በተመረመረው 25 ግራም ናሙና ውስጥ አልተገኘም» ብሎ መጠኑን ከግሡ ሳይነጥል ይጻፍ።