ቦንድ መዋጮ አይደለም

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወርድ መንገደኛ የሀገሪቱን ትልልቅ ሥራዎች በየተራ ያልፋል። ቱሉ ዲምቱ ላይ የፍጥነት መንገዱ ይጀምራል፤ ቢሾፍቱ አቡሴራ ላይ አዲሱ ግዙፍ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራበት ቦታ አለ፤ ሞጆ ላይ ደረቅ ወደቡ በኮንቴይነር ተሞልቷል። ሰው ስለ ስፋታቸውና ስለ ውበታቸው ያወራል፤ ገንዘቡ ከየት እንደመጣና ማን እንደሚከፍለው ግን እምብዛም አይጠይቅም። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ገንዘብ ከሚገኝባቸው መንገዶች እኔ የምወደው ቦንድን ነው። የሚገባውን ክብር ያላገኘውም እሱ ይመስለኛል።

ቦንድ ብድር ነው። ተበዳሪው መንግሥት፣ ከተማ ወይም ድርጅት ነው፤ አበዳሪው ሰነዱን የገዛ ማንኛውም ሰው። ዋናው ገንዘብ፣ ወለዱና የመክፈያ ጊዜው አስቀድሞ ይታወቃል። ትርጉሙ ይኸው ነው።

ችግሩ እኛ ዘንድ ቦንድ ከመዋጮ ጋር ተቀላቅሎ መቅረቱ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለ በኋላ ቦንድ በየመሥሪያ ቤቱ ገባ። ብዙ ሠራተኛ የአንድ ወር ደመወዙን በየወሩ ከፋፍሎ እያስቆረጠ ገዛ። በብር ለተገዛው ቦንድ ወለዱ እስከ አምስት ዓመት 5.5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 6 በመቶ ነበር። በዚያው ዘመቻ ስጦታም አብሮ ስለተሰበሰበ ሕዝቡ ሁለቱን ለይቶ አላያቸውም።

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አውቃለሁ። የቦንድ ሰነዳቸውን ከፎቶ አልበም ውስጥ አውጥተው አሳዩኝ፤ እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል፣ ማኅተሙም ደብዝዟል።

«ጋሼ፣ ጊዜው እኮ ካለፈ ቆይቷል። ለምን አይቀበሉም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ለሀገሬ የሰጠሁትን ዞሬ ልጠይቅ?» አሉኝ።

ፍቅራቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን አልሰጡም፤ ያበደሩት ነው። ገንዘባቸውን ከነወለዱ ቢቀበሉ ለግድቡ ያደረጉት አይፋቅም፤ ሲፈልጉ መልሰው ሊያበድሩት ይችላሉ። ሰነዱን ሻንጣ ሥር ጥለው የረሱትን ግን ልወቅስ። የገዙበትን ቀን አያውቁም፣ ለልጆቻቸውም አልነገሩም። አበዳሪነቱን የረሳ ሰው ተበዳሪውን አይጠይቅም፤ ያልተጠየቀ ተበዳሪም ሒሳቡን ለማሳየት አይቸኩልም።

ሌላ ሀገር ያለ ተቆጣጣሪ ይህንኑ ቦንድ እንዴት እንዳየው ልብ በሉ። አሜሪካ ውስጥ ከ3,100 በላይ ነዋሪዎች የግድቡን ቦንድ በ5.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዝተው ነበር። ሽያጩ በዚያ ሀገር ሕግ መሠረት ስላልተመዘገበ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በ2008 ዓ.ም. ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ጉዳዩን ጨረሰ። የገዢዎቹ የሀገር ፍቅር ለተቆጣጣሪው ጉዳዩ አልነበረም። እሱ ያየው ገንዘቡን ከማበደሩ በፊት በቂ መረጃ የማግኘት መብት ያለው አበዳሪ ነው።

ሳያውቁ ያበደሩም አሉ። በ2003 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ የሚያህል የአምስት ዓመት ሰነድ እንዲገዙ አዘዘ፤ ወለዱ ሲጀመር 3 በመቶ ነበር። ትእዛዙ እስኪነሣ እስከ 2012 ድረስ የአዳማ ነጋዴ በግል ባንክ ያስቀመጠው ብር በዚያ መንገድ የመንግሥትን ፕሮጀክቶች ሲደግፍ ኖሯል።

ወደ ወደቡና ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ስንመጣ ዋናው ጥያቄ ዕዳውን የሚከፍለው የትኛው ገቢ ነው የሚለው ነው። አንዳንድ ቦንድ ከመንግሥት ካዝና ይከፈላል። ሌላው ከሥራው ገቢ ይከፈላል፤ ከመንገደኛ ክፍያ፣ ከአውሮፕላን ማሳረፊያ፣ ከሱቅ ኪራይ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች የተሠሩት በዚህ በሁለተኛው ነው። ለሜክሲኮ ከተማ አዲስ ማረፊያም 6 ቢሊዮን ዶላር በቦንድ ተሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራው ቢሰረዝም ዕዳው አልተሰረዘም፤ ከፊሉ ተመልሶ ሲገዛ ቀሪው በነባሩ ማረፊያ ከሚያልፉ መንገደኞች ክፍያ ይሸፈን ጀመር። ሰዎቹ ላልተሠራ ማረፊያ ከፈሉ ማለት ነው።

የእኛዎቹ እስካሁን በአብዛኛው የቆሙት በቦንድ ሳይሆን ከባንክ በሚገኝ ብድር ነው። የአዳማው ፍጥነት መንገድ የቻይና ኤክዚም ባንክ ብድር አለበት፤ ለሞጆ ወደብ ማስፋፊያ የዓለም ባንክ በ2009 ዓ.ም. 150 ሚሊዮን ዶላር የሚያህል ፕሮጀክት አጸደቀ፤ ለቢሾፍቱው ደግሞ የአፍሪካ ልማት ባንክ በነሐሴ 2017 ዋና ብድር አሰባሳቢ ሆኗል። ሾፌሩ አዳማ መውጫ ላይ የሚከፍለው ብር ነው፤ የውጭ ብድር የሚመለሰው ግን በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ እንዲህ ያለ ዕዳ በብር ሲሰላ በአንዴ ከበደ።

ኢትዮጵያ ለውጭ አበዳሪዎች የሸጠችው ዩሮቦንድም ያስተማረን ይህንኑ ነው። በ2007 ዓ.ም. አንድ ቢሊዮን ዶላር በ6.625 በመቶ ወለድ ለአሥር ዓመት ተበደርን። በየስድስት ወሩ 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይከፈል ነበር፤ በታኅሣሥ 2016 ግን ሳይከፈል ቀረ። ጥፋቱን በቦንዱ ላይ የሚያላክኩ አሉ፤ አልስማማም። የተበደርነው በዶላር ሆኖ ሳለ ገንዘቡ የገባበት ሥራ በጊዜው ዶላር አላስገባም።

ጥር 2 ቀን 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፍቷል፤ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንም አለ። ነገ የሞጆ ወይም የቢሾፍቱ ቦንድ ቢሸጥ መግዛት እፈልጋለሁ። ከመግዛቴ በፊት ግን ተበዳሪው ማን እንደሆነ፣ ከየትኛው ገቢ እንደሚከፍለኝ፣ ገቢውና ዕዳው በአንድ ዓይነት ገንዘብ መሆኑን፣ ወለዱም ከዋጋ ንረቱ ጋር መወዳደሩን እጠይቃለሁ። በ2003 በ6 በመቶ ያበደረ ሰው የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ የወጣበትን ዘመን አልፏልና።

የቆየ ቦንድ ያላችሁ ደግሞ ሰነዱን ይዛችሁ ወደ ገዛችሁበት ባንክ ሂዱ። ጊዜው ከደረሰ ዋናውን ከነወለዱ ተቀበሉ። ከዚያ መልሳችሁ ለመስጠት ብትፈልጉ ስጡ፤ ያን ጊዜ በእርግጥ ስጦታ ይሆናል።