የፍሳሽ ዝቃጭ በእርሻ ማሳ ላይ፦ ሕግ የሚለካውና የማይለካው

ከከተሞች የሚወጣው ፍሳሽ ተጣርቶ ውኃው ወደ ወንዝ ሲለቀቅ በማጣሪያ ጣቢያው የሚቀረው ዝቃጭ በበርካታ የአውሮፓ አገሮች ለአርሶ አደሮች በማዳበሪያነት ሲቀርብ ቆይቷል። ዝቃጩ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብስባሽ የያዘ በመሆኑ የአፈርን ለምነት ያሻሽላል፤ ለፋብሪካ ማዳበሪያ የሚወጣውን ወጪ ይቀንሳል፤ ከተሞችንም ከማስወገጃ ችግር ያቃልላል። ይሁንና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የወጡ ጥናቶች ዝቃጩ ቀደምት ሕጎች ያላሰቧቸውን ሁለት ነገሮች ይዞ ወደ ማሳ እንደሚገባ አመልክተዋል። እነዚህም ጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣቶችና መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ናቸው።

የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው የዝቃጭ አጠቃቀም መመሪያ እስካሁን በሥራ ላይ ይገኛል። መመሪያው ለካድሚየም፣ ለመዳብ፣ ለኒኬል፣ ለእርሳስ፣ ለዚንክና ለሜርኩሪ የመጠን ጣሪያ ያስቀምጣል። ዝቃጭ በተጨመረበት የግጦሽ መሬት ቢያንስ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከብት እንዳይሰማራ ይከለክላል። ከአፈር ጋር ተነካክተው በጥሬያቸው የሚበሉ አትክልቶች በሚለሙበት ማሳም ከመከሩ በፊት ባሉት 10 ወራት ዝቃጭ እንዳይጨመር ይደነግጋል።

ይህ ቁጥጥር ፍሬ አፍርቷል። ፋብሪካዎች ብረታ ብረትን ወደ ፍሳሽ መስመር የሚለቁበት መጠን በመቀነሱ በዝቃጩ ውስጥ የሚገኘው የብረታ ብረት ክምችትም ቀንሷል። ይሁን እንጂ መመሪያው ስለ ፕላስቲክ ቅንጣቶችም ሆነ ስለ መድኃኒት መላመድ ያስቀመጠው ልኬት የለም። በመሆኑም አንድ የዝቃጭ ጭነት የብረታ ብረት ምርመራውን አልፎ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፤ ያልተመረመረውን ግን ይዞ ማሳ ይደርሳል።

ማይክሮፕላስቲክ የሚባሉት ከአምስት ሚሊ ሜትር በታች የሆኑ የፕላስቲክ ቅንጣቶች ናቸው። ከሰው ሠራሽ ጨርቆች በሚታጠቡበት ጊዜ የሚረግፉ ክሮች፣ በዝናብ ከመንገድ ታጥበው የሚገቡ የመኪና ጎማ ብናኞችና የተሰባበሩ የማሸጊያ ዕቃዎች ወደ ፍሳሽ መስመር ይገባሉ። ማጣሪያ ጣቢያዎች ከእነዚህ ቅንጣቶች አብዛኞቹን ከውኃው ይለያሉ፤ ለወንዙ መልካም ዜና የሆነው ይህ ውጤት ግን ለማሳው ሌላ ትርጉም አለው። ከውኃው የተለየው ፕላስቲክ አይጠፋም፤ በዝቃጩ ውስጥ ይከማቻል።

የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በደቡብ ዌልስ በሚገኝ አንድ ማጣሪያ ጣቢያ ላይ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ጥናት ይህንኑ ያሳያል። በጥናቱ መሠረት በአንድ ግራም ዝቃጭ ውስጥ እስከ 24 የሚደርሱ ቅንጣቶች የተገኙ ሲሆን፣ ይህም ከዝቃጩ ክብደት አንድ በመቶ ያህል ነው። ተመራማሪዎቹ ውጤቱን ለአውሮፓ በማስላት በየዓመቱ ከ31 ሺህ እስከ 42 ሺህ ቶን የሚደርስ ማይክሮፕላስቲክ ከዝቃጭ ጋር ወደ እርሻ መሬት እንደሚገባ ገምተዋል። ብሪታንያ ዝቃጭን ወደ ባሕር መጣል እ.ኤ.አ. በ1998 መጨረሻ ካቆመች ወዲህ አብዛኛው ዝቃጯ የሚሄደው ወደ እርሻ ማሳ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የመድኃኒት መላመድ ነው። ሰዎች ከሚወስዱት አንቲባዮቲክ ከፊሉ ሳይለወጥ ከሰውነት ይወጣል። ከመኖሪያ ቤቶችና ከሆስፒታሎች የሚመጡ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችም በማጣሪያ ጣቢያ ከሌሎች ባክቴሪያዎች ጋር ይገናኛሉ። ባክቴሪያዎች የመላመድ ባሕርይን የሚሸከሙ ጂኖችን ዝርያቸው ለተለያየ ባክቴሪያዎች ጭምር ማስተላለፍ ይችላሉ። ዝቃጩን አየር በማይገባበት ጋን ማብላላት ወይም በኖራ ማከም የባክቴሪያዎችን ቁጥር ይቀንሳል፤ ጂኖቹን ሁሉ ግን አያጠፋም። በዝቃጩ የሚቀሩ ዚንክና መዳብም፣ ብረታ ብረትን የመቋቋምና መድኃኒትን የመቋቋም ጂኖች ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚገኙ፣ የተላመዱት ባክቴሪያዎች እንዲበዙ ሊያግዙ ይችላሉ።

ሁለቱ ችግሮች የተያያዙ ናቸው። ባክቴሪያዎች በፕላስቲክ ቅንጣት ገጽ ላይ ተጣብቀው ስስ ሽፋን ይፈጥራሉ። በዚህ ሽፋን ውስጥ ተጠጋግተው ስለሚኖሩ ጂን ለመለዋወጥ ምቹ ሁኔታ ያገኛሉ። ቅንጣቱ ደግሞ በአፈር ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል።

የመላመድ ችግር ክብደት በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ ነው። ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 1 ነጥብ 27 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ ለሞት እንደተዳረጉ ገምቷል። ይህ አኃዝ ሁሉንም የመላመድ መንስኤዎች የሚመለከት እንጂ በዝቃጭ ሳቢያ የደረሰን ጉዳት የሚያሳይ አይደለም። በማሳ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ውጤትም አንድ ዓይነት አይደለም። በአንዳንዶቹ ማሳዎች የመላመድ ጂኖች ዝቃጭ ከተጨመረ በኋላ ጨምረው ከወራት በኋላ ቀንሰዋል። የፕላስቲኩ ሁኔታ ግን ይለያል፤ አንዴ ከአፈር ጋር የተቀላቀለን ቅንጣት መልሶ ለቅሞ ማውጣት ስለማይቻል በየዓመቱ የሚጨመረው በነበረው ላይ ይደመራል።

አገሮች ለዚህ የሰጡት ምላሽ የተለያየ ነው። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2003 ዝቃጭን በእርሻ መሬት ላይ መጠቀምን በጥንቃቄ መርሕ አግዳ፣ እገዳውን ደረጃ በደረጃ ተግባራዊ አድርጋለች። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ደንብ ከ100 ሺህ በላይ ነዋሪዎችን የሚያህል ፍሳሽ የሚያስተናግዱ ጣቢያዎች ከ2029 ጀምሮ ፎስፈረሱን ከዝቃጩ ወይም ከአመዱ ለይተው እንዲያወጡ ወስናለች። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ያሻሻለው የከተማ ፍሳሽ ማጣሪያ መመሪያም በትልልቅ ከተሞች ማይክሮፕላስቲክና የመድኃኒት መላመድ ክትትል እንዲደረግባቸው አዟል። ማቃጠልም ሆነ ፎስፈረስን መለየት ከፍተኛ ወጪ ይጠይቃል፤ ማቃጠል ለአፈር ይጠቅም የነበረውን ብስባሽም ያሳጣል። ስለዚህ ሁሉም አገር የስዊዘርላንድን መንገድ ይከተላል ማለት አይደለም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ የቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ ተስፋፍቶ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኪዩብ ፍሳሽ የማጣራት አቅም እንዲኖረው ተደርጓል። የሚጣራው ፍሳሽ በጨመረ መጠን የሚቀረው ዝቃጭም ይጨምራል። አገሪቱ ለማዳበሪያ ግዢ ከፍተኛ የውጭ ምንዛሪ የምታወጣ በመሆኗም ዝቃጩን ለእርሻ የማዋል ሐሳብ በቀላሉ የሚታለፍ አይሆንም።

የአውሮፓ ተሞክሮ ከውሳኔ በፊት ሊጤኑ የሚገባቸውን ሦስት ነጥቦች ያመለክታል። የመጀመሪያው ከምንጩ መቆጣጠር ሲሆን፣ የፋብሪካና የሆስፒታል ፍሳሽ ከመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት እንዲታከም ማድረግ ነው። ሁለተኛው በጣቢያው የሚደረግ ምርመራ ነው፤ ምርመራው በብረታ ብረት ሳይወሰን የፕላስቲክ ቅንጣቶችንና የመላመድ ጂኖችን እንዲያካትት ማድረግ ያስፈልጋል። ሦስተኛው የማሳ መዝገብ ነው። የትኛው ማሳ፣ መቼ፣ ምን ያህል ዝቃጭ እንደተቀበለ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ካልተመዘገበ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ችግር ቢከሰት የተጎዳውን መሬት ለይቶ ለማወቅ የሚያስችል ማስረጃ አይገኝም። ይህን መዝገብ አስቀድሞ መክፈት ከሦስቱ ሥራዎች አነስተኛውን ወጪ የሚጠይቅ ነው።